አንቺ የነገርሽኝና መጽሐፉ የሚለው

ፋጤ፣ አሰላሙ አለይኩም። መቃብር ዳር ቆሞ ለሚቀርብ ሰላምታ ሙታን ይመልሳሉ ብለው አስተምረውናል። በወረቀት የሚጻፈው እንዴት እንደሚሆን ሼኹን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ በስተርጅና ለየለት ይሉኛል ብዬ ተውኩት። ብቻ ይድረስሽ። ከተለየሽኝ አሥራ አራት ወር ሆነ። ሁለት ረመዳን ያለ አንቺ ጾምኩ፤ ሁለተኛው ይቀልሃል ያሉኝ ሁሉ ውሸታቸውን ነው።

ደክሞኛል። ከዚያው ልጀምር፤ መግቢያ ሲረዝም አትወጂም። የጉልበቴ ሕመም አለ፣ የቆላው ሙቀት አለ፣ ከሁሉ የባሰው ግን ቤት ገብቶ ዝም ማለት ነው። አንቺ ሴትዮ እስቲ ዝም በይ፣ ልረፍበት እያልኩ ስንት ጊዜ እንደጮህኩብሽ ሳስበው አፍራለሁ። ይኸው አሁን ቤታችን ውስጥ የሚያወራ ቀርቶ የሚያዛጋ የለም። ማረፉን ግን አላረፍኩም።

ይህን የምጽፍልሽ ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሰሞኑን ከላይብረሪ እየተዋስኩ ስላነበብኳቸው ልብ ወለዶች ነው። አዎ፣ እኔ ይማም፣ ዓይንሽን ታጠፊዋለሽ እያልኩ መጽሐፍ በያዝሽ ቁጥር ስነዘንዝሽ የኖርኩት ሰውዬ። ሁለተኛው ስለ ልጃችን ስለ ሐያት ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው እንዳትይኝ፤ ያገናኘሻቸው አንቺ ነሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ቬንትሌተሩ ተቃጠለና አላሠራሁትም፤ ሲንጫጫ ያበሳጨኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ዝምታው አበሳጨኝ። ማንጎው ዘንድሮ ጉድ ነው ያፈራው፤ የሚበላው ስለሌለ ግማሹ መሬት ላይ ቀረ። ፍየሏን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘምዘም ሰጠኋቸው፣ ማለቡ አልሆነልኝም። እሳቸውም ውለታ ቢሉት ነው መሰለኝ ጁምዓ ጁምዓ ምሳ ይልኩልኛል። በሌላው ቀን ወጥ ሠሪው ራሴ ነኝ። ሽሮዬ ይጓጉላል፤ ለምን እንደሚጓጉል እስካሁን አልደረስኩበትም። መሬቱን የእኩል ሰጠሁት። ሽንኩርት ጎንበስ ቀና ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ አንዴ ጎንበስ ካልኩ ቀናው አይመጣልኝም።

የሐያትን ነገር አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ በአፌ ብዬው ስለማላውቅ አንዴ ልበለው። ልጃችን ኒካህ ካሰረች ስድስት ዓመት አለፋት። ለጀውሃው ወዳጄ ልጄን ለልጅህ ብዬ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። እሷ ደብረ ሲና የመለዋወጫ ሱቅ ያለውን አንዋርን ካልሆነ አለች። አልፈቅድም አልኩ። ታናሽ ወንድሜ በእኔ ቦታ ወሊይ ሆኖ ቆመላትና ኒካሁ ታሰረ። አባት በሕይወት እያለ አጎት ቆሞ ልጅ ሲድር በሰው ቤት ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ በራሴ ቤት አየሁት። ከዚያ ወዲያ ልጄ በሚኒባስ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ እየኖረች አንድ ቃል ሳንነጋገር ኖርን። አንቺ እየሄድሽ ታዪያት ነበር፤ ስትመለሽ ደህና ናት ትይኝ ነበር፤ እኔም ጠየቅሁሽ እንዴ እልሽ ነበር።

ለቅሶሽ ላይ መጣች። ሦስት ቀን ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ እጇን ይዘው ሊያቀርቡልኝ ሲነሱ፣ ዛሬ የፋጡማ ሐዘን ነው፣ ሌላ ነገር አይነሳ አልኳቸው። በአንቺ ሐዘን ተሸሸግሁ። በአራተኛው ቀን ሄደች። ያንን አይተሽ ከሆነ ይቅር በይኝ።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ሰደቃሽ ከወጣ በኋላ እትዬ ዘምዘም አልጋሽን ሲያነሱ ከትራስሽ ሥር የላይብረሪ መጽሐፍ አገኙ። የመመለሻው ቀን ካለፈ ቆይቷል። በእጄ ይዤ ባጃጅ ላይ ወጣሁ፤ ሹፌሩ ጋሼ ይማም ትምህርት ጀመርክ እንዴ ብሎ ተሳለቀብኝ። የላይብረሪዋ አስቴር መጽሐፉን ስታየው ገና ምንም ሳልላት አለቀሰች። እኔም እዚያው ቆሜ ኮፍያዬን ሳዟዙር ቆየሁ። ለመሄድ ስዞር ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ፋጡማ የሹፌሩ የምትለውን መጽሐፍ ስጪኝ አልኳት። አንቺ መቼም የመጽሐፍ ርዕስ ይዘሽ አታውቂም፤ የሹፌሩ፣ የእህትማማቾቹ፣ የግትሩ ሰውዬ ነው የምትይው። አስቴር ግን ቋንቋሽን ለምዳው ኖሮ ወዲያው አወጣችልኝ።

ለምን እሱን እንደጠየቅሁ ታውቂያለሽ። የቀትሩ ዙህር ተሰግዶ ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው አስር ሶላት ድረስ፣ ፀሐዩ ሰው ከጥላ በማያስወጣበት ሰዓት፣ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ዘርግተሽ ማሾ ስትለቅሚ እኔ ተጋድሜ የምሰማው ሁሉ ያነበብሽው ነበር። አልሰማም እያልኩ ነው የምሰማው። ሹፌሩን እንደ ጎረቤቴ ነበር የማውቀው። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ይግልበታል፤ እኛ ጋ ሸዋ ሮቢት ውሃ ይጠጣል፤ ጀውሃ ሲደርስ ኸዲጃ ምግብ ቤት ገብቶ ጥብስ ያዛል፤ ኸዲጃም ቅቤ ትጨምርለታለች። ይህንን ነበር የነገርሽኝ። እኔም አምኜ፣ ጀውሃ በወረድኩበት ቀን ኸዲጃን ቤትሽ እኮ መጽሐፍ ላይ ወጥቷል አልኳት። ሴትዮዋ በደስታ የምትሆነው አጣች። ላለፈ ላገደመው የጭነት ሹፌር ሁሉ ስታወራ ከረመች፤ በሩ ላይ ልታስጽፍበት ሰው ጠይቃ ነበር።

ፋጤ፣ መጽሐፉ ውስጥ ጀውሃ የለም። መነጽርሽን አድርጌ (ለእኔም ልክ ሆነ፣ ከዛሬ ነገ አሠራለሁ እያልኩ በአንቺው ቀረሁ) ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እኔ እኮ የማነበው ጀውሃ እስኪደርስ እየጠበቅሁ ነው። ሰውዬው የሚነዳው በወለጋ መንገድ ነው። ሸዋ ሮቢትን በሕልሙም አላያት። ገጽ ተቀድዶበታል ብዬ ወደ አስቴር ተመለስኩ። ምስኪን፣ አንዴም ሳትስቅ ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ ገጹን ከአንድ ጀምራ ቆጠረችልኝ። ሙሉ ነው። ኸዲጃን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። በጀውሃ በኩል ካለፍኩ በሌላኛው የመንገድ ዳር ነው የማልፈው።

የአስቴርን ደንብ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ወፍራም ደብተር። ልብ ወለድ የመለሰ ሰው ስለ መጽሐፉ ሁለት መስመር ካልጻፈ ሌላ አይወስድም፤ ይህ የመንግሥት ሕግ ሳይሆን የራሷ ነው። እኔ ጥሩ ነው ብዬ ጽፌ ሰጠኋት። አነበበችና መለሰችልኝ፤ ጋሼ፣ ጥሩ ነው ማለት ምን ማለት ነው፣ ምኑ ነው ጥሩው አለችኝ። ተናደድኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ይህ መኪና አንድ ጎማ ሳይቀይር ያንን ሁሉ ኮረኮንች አይጨርስም። ሹፌሩ በመጽሐፉ ሁሉ አንዴ ብቻ ነው የበላው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ በአንድ መስመር ቢነግረን እናምነው ነበር፣ ሁለት ገጽ አያስፈልግም። አስቴር ሳቀችና ሌላ ውሰድ አለችኝ።

እንዲህ ሆኜ ነው አንባቢ የሆንኩት። ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ የአንቺን ጽሑፍ ለማየት መጀመሪያ ቀን አልደፈርኩም። በኋላ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ መጽሐፉን አነባለሁ፣ የራሴን እጽፋለሁ፣ ከዚያ የአንቺን አያለሁ። አቤት አንቺ! እዚያ ደብተር ላይ እንዴት ያለሽ ምላሰኛ ነሽ። ስለ ሹፌሩ፣ ይህ ደራሲ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ ነው የጻፈው፣ ሴት በገባች ቁጥር ዝናብ ይጥላል ብለሻል። ስለ አንዱ ደግሞ፣ ሽንኩርት በሐምሌ ያስተክላል፣ አንድ ገበሬ ቢጠይቅ ምን ነበረበት ብለሻል። ብቻዬን ሳቅሁ። አስቴር ምን ሆንክ ጋሼ እስክትለኝ ድረስ ሳቅሁ።

ቀጥሎ የእህትማማቾቹን ወሰድኩ። እዚህ ላይ ነው ነገርሽ የገባኝ፣ ወይም ገባኝ ያልኩት። አንቺ ስትነግሪኝ ታላቅየዋ ትታመምና ትድናለች፤ ሁለቱ ተረዳድተው ሱቅ ይከፍታሉ። መጽሐፉ ላይ ክረምቱ ሳይወጣ ትሞታለች። ሱቅ የሚባል ነገር የለም። ግራ ገብቶኝ ሳሰላስል፣ ይህንን የነገርሽኝ ወባ ጥሎኝ አልጋ ላይ የከረምኩ ጊዜ መሆኑ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ሞት የሚባል ነገር በቤታችን በር እንዲገባ አልፈለግሽም። መጽሐፉን አጠፍኩና ዓይኔን ጠራረግሁ፤ ላብ ነው አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

አስተያየትሽን ግን አልተቀበልኩትም። ደብተሩ ላይ፣ ታላቅየዋ መሞት አልነበረባትም፣ ደራሲዋ ቸኩላለች ብለሻል። እኔ ከሥሩ አልቸኮለችም ብዬ ጻፍኩ። ታናሽየዋ ከቀብር መልስ ምን እንደምትሠራ ታስታውሻለሽ? ገብታ የሁለት ሰው ውሃ ትቀዳለች። ከዚያ አንዱን መልሳ ትደፋዋለች። በቃ፣ ሌላ ምንም አልተባለም። እኔ አንቺን ቀብሬ በገባሁ ማግሥት ሁለት ሳህን አውጥቻለሁ ፋጤ። ያቺ ደራሲ ወይ አይታዋለች ወይ ደርሶባታል። አንቺ ደግሞ ያኔ አልደረሰብሽም ነበርና በዚህ በዚህ እኔ እበልጥሻለሁ።

ከዚያ በኋላ አንቺ ያላነበብሻቸውንም መውሰድ ጀመርኩ። አንድ አዲስ የመጣ አለ፣ ወፍራም ነው፣ ሽፋኑ ያምራል። ወጣቶች ከተማ ውስጥ ካፌ ተቀምጠው ስለ ሕይወት ትርጉም ይነጋገራሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ይነጋገራሉ። አንድም ሰው ሥራ ሲሠራ አላየሁም። አንድ ቀን ከመኪና ላይ ሽንኩርት ቢያወርዱ ኖሮ የሕይወት ትርጉሙ ቀርቶ እንቅልፍ ነበር የሚያምራቸው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ አንድ ተማሪ ከሥሩ አልገባህም ጋሼ ብሎ ጽፎብኛል። ሊሆን ይችላል። ያን ቀን አብረን ብናማው ኖሮ ብዬ አንጀቴ አረረ፣ መጽሐፍ ለብቻ መተቸት እንዲህ የሚያስከፋ አይመስለኝም ነበር።

የሌባና የፖሊስ አንድ አነበብኩ፤ ሌባውን በሦስተኛው ምዕራፍ አወቅሁት፣ ፖሊሱ ግን እስከ መጨረሻው አላወቀም። አንድ ደግሞ ቀጭን መጽሐፍ አለ፣ ስለ አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነው። ምንም አይሆንም። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ባቡሩ ቀርቷል፣ እሱ ግን ሰዓቱን ያያል። ደክሞት የተጻፈ ነው የሚመስለው፤ እኔም ደክሞኝ ስለማነብ ተግባባን። አንቺ ብታነቢው ትወረውሪው ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የግትሩን ሰውዬ ግን ሳልነካው ቆየሁ። መደርደሪያው ላይ ሳየው ዓይኔን አዞር ነበር። የነገርሽኝን ቀን አልረሳሁትማ። ሐያት ከሄደች ዓመት ሆኗት ነበር። አንድ እህል ነጋዴ አለ አልሽ፤ ሴት ልጁ እሱ ያልወደደውን ሰው አገባችና ተቆራረጡ አልሽ። ገና ስትጀምሪው ወዴት እንደምትሄጂ ገብቶኛል። ቢሆንም ሰማሁ። ዓመታት አለፉ፣ ሰውዬው አረጀ፣ አንድ ቀን ሱቁን ዘጋና ተነስቶ ወደ ልጁ አገር ሄደ፣ በሯ ላይ ቆሞ አንኳኳ አልሽ። እዚህ ስትደርሺ ከምንጣፉ ተነሳሁ። ይሄ ወንድ አይደለም፣ ደራሲውም ወንድ አይደለም ብዬሽ ወጣሁ። አንድ ሳምንት ያህል ማንጎው ሥር ብቻሽን ነው ማሾ የለቀምሽው።

ባለፈው ወር መደርደሪያው ላይ ሌላ የማላውቀው ስላጣሁ አወረድኩት። በሦስት ቀን ጨረስኩት። ፋጤ፣ ሰውዬው አይነሳም። አይሄድም። አያንኳኳም። ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ እህል ይመዝናል። ልጁ ወለደች ሲሉት ሚዛኑን ያስተካክላል። ታማለች ሲሉት ስንት ኩንታል ገባ ይላል። እዚያው ወንበሩ ላይ ይሞታል፤ ልጅቱ መጥታ የሱቁን ቁልፍ ከጎረቤት ትረከባለች፣ መጽሐፉ ያልቃል። የመጨረሻውን ገጽ አገላበጥኩት። ምናልባት ሌላ ገጽ ይኖራል ብዬ ጀርባውን አየሁ። የአሳታሚው አድራሻ ነው ያለው።

መቼም ይህን መጽሐፍ ማን እንደጻፈው ባላውቅም ያውቀኛል። አካሄዴን ያውቃል፣ አፌን ያውቃል። ሰው ስለ ልጁ ሲያነሳበት ነገር የሚያዞርበትን መንገድ እንኳ አልሳተም። በማግሥቱ ላይብረሪ ሄድኩና ደንቤን ጥሼ፣ የራሴን ሳልጽፍ የአንቺን ፈለግሁ። እጅ ጽሑፍሽ ጠመም ብሎ ታች ወርዶ ነው የተጻፈው፣ የቸኮልሽ ይመስላል። እንዲህ ይላል፦ ደራሲው ያየውን ጽፏል፤ እንዲህ ያለ ሰው አይነሳም። እኔ ግን ቤቴ ስገባ እንዲህ አድርጌ አልነግረውም።

ይህች ናት፣ ሌላ የለም። ስንት ዓመት ደብተሩ ውስጥ ተቀምጣለች። ያገር ተማሪ ሲያነባት ኖሯል። አስቴርም አንብባታለች፣ ለዚህ ነው እኔ ያንን መጽሐፍ በያዝኩበት ቀን ዓይኔን ሳታይ የመዘገበችልኝ። መጀመሪያ ተናደድኩብሽ፣ አልዋሽሽም። እኔን በልጅ ተረት ትመሪኛለሽ ወይ አልኩ። ከዚያ ቁጣው ወጣልኝና ሌላ ነገር ገባኝ፤ እንደማልነሳ አውቀሽ ኖሯል። እያወቅሽ ነው የሞከርሽው። አሥራ አራት ወር ሙሉ እንደዚያ ቀን አልደከመኝም። አስቴር ውሃ አመጣችልኝ። አስተያየት ጻፍ አላለችኝም።

ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። ሰኞ ዕለት ማንጎ በማዳበሪያ ከረጢት ሞላሁና ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ባዶ እጅ አይኬድም። ለልጄ ምን እንደምል መንገዱን ሁሉ አዘጋጀሁ። ዳገቱን ስንጨርስ ብርዱ ተቀበለኝ፤ የያዝኩት ያችን ስስ ነጠላ ብቻ ነበር። የአንዋርን ሱቅ ሰው ጠይቄ አገኘሁት። ምን ያህል እንደምፈራው አላውቅም ነበር። እሱ ግን አየኝና ምንም ሳይል ከረጢቱን ከትከሻዬ ላይ አወረደ፣ አባባ ብርድ ነው አለኝ፣ ሱቁን ለጎረቤቱ ትቶ እስከ ቤቱ በር አደረሰኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ተመለሰ። ይህን ልጅ ስድስት ዓመት ክፉ ስናገርበት ኖርኩ።

አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ናት፣ ሰሚራ። አላወቀችኝም፣ በምን ታውቀኛለች። እማ ሽማግሌ መጥቷል ብላ ተጣራች። ሐያት ከስፌት መኪናዋ ተነስታ መጣችና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ጠቁራለች፣ ከስታለች፤ በለቅሶው ቀን አላየኋትምና አሁን ነው ያየኋት። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ምን ብል ጥሩ ነው? ስለ አንድ መጽሐፍ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት አልኳት። ወላሂ እንዲህ ነው ያልኩት። እኔ ራሴን መምታት ነበር የቀረኝ።

እሷ ግን የእህል ነጋዴውን ነው አባዬ አለችኝ።

እኔ ለአስር ሶላት መስጊድ ስሄድ ስልክ እየደወልሽ ያነበብሽውን ሁሉ ለእሷም ትነግሪያት ኖሯል። ሹፌሩን ታውቀዋለች፤ ለእሷ ስትነግሪያት ደብረ ሲና ላይ ነው ጥብስ የሚበላው። ይህንን ስትነግረኝ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነው። የእህል ነጋዴውን ግን ለእሷ ሌላ አድርገሽ ነው የነገርሻት። ለእሷ ሰውዬው አይነሳም፤ ልጅቱ ናት የምትነሳው። ተነስታ ወደ ቆላ ትወርዳለች፣ የአባቷን በር ታንኳኳለች። ሐያት ይህን ሰምታ አንድ ቀን ልጇን ለጎረቤት ትታ ወርዳለች ፋጤ። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ድረስ መጥታ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ የመጨረሻው ሚኒባስ ሲጣራ ተሳፍራ ተመለሰች። ለአንቺ ነግራሻለች። አንቺ ለእኔ አልነገርሽኝም። ምናልባት ያን ቀን ቤት ነበርኩ፣ ተጋድሜ ነበር።

ደጃፏ ላይ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ፣ ልጅቱ ስታንኳኳ አባትየው ምን ይላታል ብዬ ጠየቅኋት። እማ እሱን አልነገረችኝም አለች። ደጋግሜ ጠይቄያት፣ እሱን የሚያውቀው አባትሽ ነው ትለኝ ነበር አለች። እኔም ደግሞ ሰውዬው በር ላይ ሲያንኳኳ ነው ጥዬሽ የወጣሁት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። እንግዲህ ሁለታችንም ከበሩ ወዲያ ያለውን አናውቀውም። ብርዱ አጥንቴ ገብቷል፣ ሰሚራ ማንጎ በእጇ ይዛ ታየናለች። አፉ በይኝ ልጄ አልኳት። ሌላ የይቅርታ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም። እሷም መጥታ ጉልበቴ ላይ ወደቀች፣ እኔም አነሳኋት፣ ግባ አባዬ አለችኝ፣ ገባሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ከእሷ ቤት ሆኜ ነው። እስከ ጁምዓ እቆያለሁ፤ አንዋር ሹራብ አመጣልኝ። ድካሙ እንዳለ ነው፣ እሱ የሚለቀኝ አልመሰለኝም፤ ግን ትናንት ሰው እያወራ ተኛሁ፣ ዝም በሉም አላልኩ። ዛሬ ጠዋት ሐያት ስፌቷን እየሰፋች፣ አባዬ አንተ አንብበኸው የለ፣ መጽሐፉ ላይ መጨረሻው እንዴት ነው አለችኝ። የስፌት መኪናው ቆሟል፣ ቀና ብላ እየጠበቀችኝ ነው። ወንበሩም ሚዛኑም ቁልፉም አንድ በአንድ ፊቴ ላይ መጡ። አባትየው ተነስቶ ይሄዳል፣ ልጅቱም ተነስታ ትወርዳለች፣ መንገድ ላይ ይገናኛሉ አልኳት። እሰይ ብላ ስፌቷን ቀጠለች። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ፋጤ፣ ማንም ቢጠይቀኝ እንዲህ ነው የምነግረው።